ቀን መጻሕፍት ጠባቂ፥ ሌሊት ተማሪ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ሳለ፥ ለመጪው ዓመት የማሰናዳው ትምህርት ስለ ነበረኝ ወደ አንድ ዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ለሦስት ሳምንት ያህል ተመላለስሁ። በዚያ አንባቢዎችን የምታስተናግደው ባለሙያ ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ፥ ነጠላዋን ከወንበርዋ መደገፊያ ላይ አንጠልጥላ የምትሠራ፥ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰው ይከባታል፤ አንዱ መጽሐፉ ከቦታው የለም ይላል፥ ሌላው ኮምፒውተሩ አልከፈት አለኝ ይላል፥ ሦስተኛው ደግሞ ርእሱንም ጸሐፊውንም ሳያውቅ «ያን ሽፋኑ ቀይ የሆነውን መጽሐፍ» ይጠይቃታል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አሳልፋ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፥ ሰዎች ሁሉ ሲወጡ እርስዋ መሳቢያዋን ከፍታ የራስዋን ደብተር ታወጣለች።

አንድ ቀን ወረቀቴን ስሰበስብ ይህን አይቼ «እኅቴ፥ ገና አልጨረስሽም እንዴ?» አልኋት።

«የቢሮው ሥራ እንኳ አልቋል መምህር» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ «አሁን የሚጀመረው የራሴው ትምህርት ነው።»

ለካ የዶክትሬት ተማሪ ኖራለች፤ አምስተኛ ዓመትዋን ይዛለች። ነገሩ ስላስገረመኝ ከእርስዋ ጋር፥ ቆይቶም ከባለቤትዋና ከአማትዋ ጋር ተነጋገርሁ። የሰማሁትን ስማቸውን ሳልጠራ በፈቃዳቸው እዚህ እጽፋለሁ። ዛሬ በብዙ ክርስቲያን ቤት አባት ወይም እናት ሥራ ይዘው ስለሚማሩ፥ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

አስቀድሞ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የሚውል ይመስለዋል። እኔም በልጅነቴ የደብራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ በእጁ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ዲያቆን ሆኜ ወደ ውስጥ ስገባ ግን ሰውየው ከቁልፉ በቀር የሚያውቀው እጅግ ጥቂት መሆኑን ተረዳሁ። (ነፍሱን ይማርና ቁልፉን ግን አጥብቆ ያውቅ ነበር።) የዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያም መጻሕፍትን ይመርጣል፥ ያስገዛል፥ ይመዘግባል፥ በየዘርፋቸው ለይቶ ቍጥር ይሰጣቸዋል፤ በኮምፒውተር የሚነበቡትን የምርምር መጽሔቶች ያስከፍታል፤ ተማሪዎችን እንዴት እንደሚፈልጉ ያስተምራል፤ የተቀደደውን ያስጠግናል። ከምንጭ ዳር ተቀምጦ ለመንገደኛው ሁሉ እየቀዳ ራሱ ሳይጠጣ የሚመሽበት ሰው ነው። ስለዚህ «ከመጻሕፍት መካከል ተቀምጣ ዶክትሬት መማር ምን ያቅታታል?» የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላየውም ማለት ነው።

ወደ ትምህርቱ ምን እንደ ወሰዳት በጠየቅኋት ጊዜ የነገረችኝ ስለ ማዕርግ ወይም ስለ ደመወዝ አልነበረም፤ ስለ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት እኚህ መሪጌታ ከገጠር በአውቶቡስ መጥተው፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተጻፈ አንድ የቆየ የኅትመት መጽሐፍ ፈለጉ። ርእሱን በብጣሽ ወረቀት ላይ ባማረ እጅ ጽፈው ሰጥዋት። እርስዋም እንደ ጻፉት አድርጋ በኮምፒውተሩ ብትፈልግ «የለም» አላት። መሪጌታው አመስግነው ሄዱ። ከሳምንት በኋላ መደርደሪያውን ስታስጠርግ መጽሐፉ እጅዋ ላይ ወደቀ። ጠፍቶ አልነበረም። መዝጋቢው «ሥርዓት» የሚለውን ቃል በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» «ስርአት» ብሎ ስለ መዘገበው፥ በትክክል የጻፉት መሪጌታ ሳያገኙት ቀሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር በእኛ ፊደል ከታየ ቀላል አይደለም። ግእዝ በየድምፁ ለያይቶ የተቀበላቸው ሀሌታው «ሀ»፥ ሐመሩ «ሐ»ና ብዙኃኑ «ኀ»፤ እንዲሁም ንጉሡ «ሠ»ና እሳቱ «ሰ»፤ አልፋው «አ»ና ዐይኑ «ዐ»፤ ጸሎቱ «ጸ»ና ፀሐዩ «ፀ» በአማርኛ ንግግር አንድ ሆነዋል። ከዚህም በላይ የ«ሀ» እና የ«አ» ዘር ግእዙና ራብዑ በድምፅ አይለያዩም። በዚህ ምክንያት «ዓለም» የሚለውን ቃል በአራት፥ «ሥርዓት» የሚለውን በስምንት፥ «ፀሐይ» የሚለውን በዐሥራ ሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ጆሮ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ሰው ሲያነብ ስሕተቱን በልቡ ያርማል፤ ኮምፒውተር ግን ልብ የለውም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፥ በዩኒኮድ፥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቍጥር ስላለው፥ ለመሣሪያው «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ናቸው። በዚህ ላይ በውጭ ሀገር የተመዘገቡት የአማርኛ መጻሕፍት በላቲን ፊደል ነጥብና ሰረዝ እየተጨመረላቸው ይጻፋሉ። የጸሐፊውም ስም ነገር ሌላ ችግር ነው፤ እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ስለማንጠራ፥ የውጭውን ልማድ ተከትሎ አባቱን ያስቀደመ መዝጋቢ ጸሐፊውን ከአንባቢው ይሰውረዋል።

እርስዋም ይህን ጥያቄ ይዛ ሰዎችን ብትጠይቅ፥ አንዳንዱ ፊደሉ ይቀነስ አላት፥ ሌላው ሰው ሁሉ በትክክል መጻፍ ይማር አላት። (በበኩሌ ሁለተኛውን የምደግፍ መሆኔን አልሸሽግም፤ ፊደሉን መቀነስ ከአባቶቻችን ቃል ፍቺውን መቀነስ ነው። ነገር ግን ሰዉ ሁሉ እስኪማር ድረስ መሪጌታው ባዶ እጃቸውን መመለስ እንደሌለባቸው እቀበላለሁ።) አጥጋቢ መልስ ስላላገኘች ራስዋ ልትመረምረው ቈረጠች። አንባቢዎች ምን ብለው ጽፈው ምን እንዳጡ መዝግቦ፥ ለይቶ፥ መድኀኒቱን መፈለግ የዶክትሬት ሥራ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አለቃዋ ነበር። የጥናት ፈቃድ ብትጠይቅ «ይህ ለመምህራን የተፈቀደ ነው፤ አንቺ የአስተዳደር ሠራተኛ ነሽ» የሚል መልስ አገኘች። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ እንዲለቅቅዋት ለመነች፤ አልሆነም። የት እንደ ሆነ አልጽፍም፤ ሰውየውም ደንቡ ያዘዘውን ተናገረ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም ብላኛለች። እኔ ግን ስሰማው አዘንሁ፤ ለመምህሩ መጽሐፉን ፈልጋ የምትሰጠው እርስዋ ሆና ሳለች፥ መምህሩ የሚፈቀድለት ለእርስዋ የሚከለከልበት ምክንያት አልገባኝም።

ነገሩን ስመረምር ግን ክርክሩ በእኛ ሀገር ብቻ ያለ እንዳልሆነ አየሁ። (ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጀርመን ሀገር ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት በ1893 ባወጣው ደንብ፥ በታላላቆቹ የመንግሥትና የዩኒቨርስቲ ቤተ መጻሕፍት በሊቅነት ደረጃ ማገልገል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ዶክትሬቱን ይዞ እንዲመጣ፥ ከዚያም በኋላ ሙያውን እንዲለማመድ ታዝዞ ነበር። በአሜሪካ ግን ለሙያው የሚበቃው ከፍተኛ ዲግሪ ማስተርስ ነው ብሎ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1975 ወስኗል። ይኸው ማኅበር በ1972 ከዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርና ከኮሌጆች ማኅበር ጋር ሆኖ፥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እንደ መምህራን ይቈጠሩ የሚል መግለጫ አውጥቶ ነበር። እንግዲህ ከመምህራን ጋር እኩል ልቈጠር የሚል ሰው የመምህራኑን ማዕርግ መሻቱ አይቀርም፤ ማዕርጉን ለማግኘት ደግሞ ሥራውን ትቶ መሄድ የሚችለው ጥቂቱ ነው። በዚያ ሀገር ብዙ ዩኒቨርስቲዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርቱን ክፍያ ስለሚቀንሱ ወይም ስለሚምሩ፥ ቀን ሠርቶ ማታ መማር የተለመደ ነገር ሆኗል።

በቤተ መጻሕፍት ሙያ ራሱ ዶክትሬት መስጠት የተጀመረው በቺካጎ ዩኒቨርስቲ ነው። ትምህርት ቤቱ በካርኔጊ ድርጅት ገንዘብ በ1926 ተመሥርቶ በ1928 ተማሪ ተቀበለ። በ1930 የመጀመሪያውን ዶክትሬት የተቀበለችው ኤሊኖር አፕተን የምትባል ሴት ናት። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1940 ደግሞ ኤላይዛ አትኪንስ ግሊሰን በዚህ ሙያ ዶክትሬት በመቀበል ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ሆነች። ወይዘሮ ግሊሰን አስቀድማ በሉዊቪል፥ በፊስክና በታላዴጋ፥ ለጥቁሮች በቆሙ ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት አገልግላለች። የምርምርዋንም ጥያቄ ከሩቅ አላመጣችውም፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምን ያህል ያገኛል የሚል ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ምድር ጥቁር ሰው ከብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ይመለስ ስለ ነበር፥ ጥያቄው በየቀኑ ከሥራዋ አጠገብ ቆሞ የሚያያት ጥያቄ ነው። ጥናቱ በ1941 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ እርስዋም በአትላንታ ዩኒቨርስቲ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ዲን ሆነች። በ2009 ስታርፍ ዕድሜዋ መቶ ዓመት ነበር። ይህን ታሪክ ለእኅታችን ብነግራት አስቀድማ ታውቀው ኖሯል፤ «እኔም ከደጅ የተመለሰ ሰው አይቼ ነው የጀመርሁት» አለችኝ።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፥ መጽሐፍ መጠበቅና መጽሐፍ መማር በቤተ ክርስቲያናችን ተለያይቶ የኖረ ነገር አይደለም፤ የደብራችን ቁልፍ ያዥ ምሳሌ አይሁንብን። የአንድ ደብር መጻሕፍት ዝርዝር ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ ይህን የሚጽፍ ሰው መጻሕፍቱን አንዱን ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። አገልግሎትና ትምህርትም አብረው የሚሄዱ ናቸው። የቅኔ መምህር የሆነ ሰው ወንበሩን ሳይለቅቅ፥ ከመጻሕፍት ጉባኤ ሄዶ እንደ ልጅ ከምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ማንም አይደነቅም። ድጓ አዋቂም ለምስክር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረውም ወደ ዙር አምባ በሸመገለ ዕድሜው ቢሄድ «አርጅቶ ተማሪ ሆነ» የሚል የለም። ዛሬ በአርባ ዓመትዋ የምትማር እናት ብናይ ግን እንደ እንግዳ ነገር እንቈጥረዋለን።

መጻሕፍትን መመዝገብ ሊቅነት መሆኑንም የራሳችን መጻሕፍት ታሪክ ያስረዳል። ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ በለንደንና በኦክስፎርድ የሚገኙትን የግእዝ ብራናዎች መርምሮ ዝርዝራቸውን በ1847 እና በ1848 አሳተመ፤ በዚህ ዓይነት ከብራና ጋር የኖረው ሰው በ1857 የግእዝ ሰዋስው፥ ቀጥሎም በ1865 የተፈጸመውን ታላቁን መዝገበ ቃላት አወጣ። በእኛ ዘመን ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሉ። በ1962 በቱቢንገን ዩኒቨርስቲ ዶክትሬታቸውን የተቀበሉት እኚህ ሊቅ፥ በ1975 በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ፥ ከ1976 ጀምሮ በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ገዳም የሚገኘውን በማይክሮፊልም የተነሣ የኢትዮጵያ ብራና አንድ በአንድ እያነበቡ መዘገቡ። በ2021 እስከ ዐረፉ ድረስ ከብራናው አልተለዩም። የእርሳቸውን ዝርዝር የገለጠ ሰው፥ አንድ መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ በሁለት መስመር ለመጻፍ ስንት ዓመት መማር እንደሚያስፈልግ ያያል።

አሁን ወደ እኅታችን ቤት እንግባ። ባለቤትዋ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ ዐሥራ ሁለት፥ ትንሽዋ ሰባት ዓመት። የባለቤትዋ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ትምህርቱ በርቀት ከሚያስተምር የውጭ ዩኒቨርስቲ ነው። በርቀት ማስተማር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርስቲ፥ በአጭሩ ዩኒሳ የሚባለው፥ ከ1946 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲያስተምር ኖሯል፤ ኔልሰን ማንዴላ በእስር ሳሉ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 የፈጸሙት በዚሁ ዩኒቨርስቲ ነው። በሀገራችንም በአቃቂ ማዕከል ከከፈተ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሥራቸው ሳይነሡ ተምረውበታል። ማስተርሱን ግን እኅታችን እዚሁ ነው የተማረችው፤ በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የተከፈተው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ለብዙ ባልደረቦችዋ ይህን በር ከፍቷል።

የሚከፈለው በውጭ ገንዘብ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ፈተና ምንዛሪው ነበር። ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ባልና ሚስት የቤታቸውን ጣራ ለማደስ የጣሉት ዕቁብ ሲወጣላቸው ለትምህርቱ ዋለ፤ ጣራውም በሁለት ክረምት አፈሰሰ። ባለቤትዋ ይህን ሲነግረኝ አልሸሸገም፤ «መምህር፥ እውነቱን ልንገርዎ፤ ዝናሙ ከልጆቹ አልጋ ላይ ሲንጠባጠብ ወረቀትዋን ሁሉ ላቃጥለው ፈልጌ ነበር። ባልዲ አስቀመጥሁና ተኛሁ» አለኝ። እኔም እንዲህ ዓይነት ቅን ንግግር የሰማሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደግሞም ተማሪው ባልየው ቢሆን ኖሮ ስለ ጣራው የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር ብዬ አሰብሁ። ይህን የምጽፈው ወንዶች አንባቢዎቼን ለማስቈጣት አይደለም፤ እኔ ራሴ በማታ ስማር ባለቤቴ ምን እንደ ከፈለች የጠየቅኋት ከተመረቅሁ በኋላ ስለ ሆነ ነው።

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ትነሣለች። ከቤታቸው አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የኪዳኑ ደወል ሲደወል እርስዋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መብራት አብርታ ትጽፋለች። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱ ይነሣና ዳቦው ይቀመጣል። መብራት በጠፋ ሌሊት በጧፍ አንብባለች፤ አማካሪ መምህርዋን በኮምፒውተር የምታነጋግርበት ቀጠሮ ግን በጧፍ ስለማይሆን ስንት ጊዜ ተላልፎባታል። የራስዋን አንባቢዎች ስትመረምር ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማት፤ ከጠረጴዛዋ ፊት የቆመ ተማሪ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጉድለት ለእርስዋ እውነቱን መናገር ያፍራል። ስለዚህ ጥያቄውን ሌላ ሰው እንዲጠይቅላት አደረገች፤ የአንባቢዎቹንም ስም ከመዝገቡ አስወጣች፤ ለዚህም አስቀድማ ፈቃድ ጠየቀች። በገዛ ሥራ ቤት ላይ ምርምር የሚያደርግ ሁሉ ይህን ጥንቃቄ ቢማር መልካም ነው።

አማትዋ በመጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። «ልጄ፥ ዶክተር ሆነሽ ማንን ልታክሚ ነው?» ብለው ጠየቅዋት። ማንንም እንደማታክም በሰሙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን መስማማት አልነበረም። ትንሽዋ ልጅም በበኩልዋ «እማዬ፥ ትምህርትሽ መቼ ነው የሚያልቀው? የእኔ ክፍል እንኳ በየዓመቱ ያልቃል» ትላት ነበር።

ክፉው ዓመት ሦስተኛው ነው። በሥራ ቀን የማይሞላውን ሥራ በእሑድ ለመሙላት ስትል ከቅዳሴ መቅረት ጀመረች፤ አንድ እሑድ ሁለት ሆነ፥ ሁለቱ ወር ሆነ። ለቅሶ ደርሳ ፈጥና ትመለሳለች፤ የጎረቤትም አፍ አልተከለከለም። ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ። ጽሑፍዋንም አማካሪው «እንደ ገና ይጻፍ» ብሎ መለሰላት። ያን ጊዜ ልትተወው ቈርጣ ወደ ንስሐ አባትዋ ሄደች። እርሳቸውም ሁሉን ከሰሙ በኋላ «ልጄ፥ መማርሽ አይደለም የጎዳሽ፤ ሰንበትሽን መስጠትሽ ነው። እሑድን ለእግዚአብሔርና ለልጆችሽ መልሺ። የቀሩት ስድስቱ ቀናት ካልበቁሽ ትምህርቱ ይዘግይ» አልዋት። እርስዋ የጠበቀችው «ተዪው» የሚል ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ በእሑድ ወረቀት አልነካችም፤ የትምህርቱ ጊዜም ዘጠኝ ወር ያህል ረዘመ።

በዚያው ዓመት የማኅበር ተራዋ ደረሰ። ማኅበሩ የእመቤታችን ነው፥ በየወሩ በሃያ አንድ ይጠጣል፤ የእርስዋ ተራ የዋለው ሁለተኛው ምዕራፍ በሚላክበት ሳምንት ነበር። ተራዬን ላስተላልፍ ብትል ወጉ አይፈቅድም፤ ምዕራፉን ላዘግይ ብትል አማካሪው ከሀገሩ ሊወጣ ነው። ስታለቅስ አማትዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው አይዋት። «ጌሾውን የት ነው ያደረግሽው?» አልዋት። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ጠላውን ጠነሰሱ፥ ዳቦውን ደፉ፥ ሃያ አንድ ቀን ማኅበርተኛውን ሁሉ ተቀብለው አስተናገዱ። «ምራትሽ የት አለች?» ለሚል «ጓዳ ናት፥ ሥራ ላይ ናት» እያሉ መለሱ። እርስዋም ጓዳ ነበረች፤ ለጸሎቱና ለጽዋው ወጥታ እንደ ገና ተመለሰች።

ይህን ቤት ካየሁ በኋላ፥ ከቤታችሁ አንድ ሰው ሥራውን እንደ ያዘ ወደ ረጅም ትምህርት ሲገባ ምን ቢታሰብ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ ከማመልከቻው በፊት ገንዘቡንም ሰዓቱንም በቤተ ሰብ ፊት አስቀምጡት እላለሁ። እነዚህ ሰዎች ስለ ዕቁቡ ተነጋግረው ነበር፤ ስለ ሌሊቱና ስለ እሑዱ ግን አልተነጋገሩም፤ የተጎዱትም ባልተነጋገሩበት ነው። ጥያቄውም ከዕለት ሥራው የተነሣ ቢሆን ድካሙ ይቀንሳል፤ ቀን ያየችውን ሌሊት ስለምትጽፍ እንጂ ሁለት የተለያየ ሸክም ብትይዝ ኖሮ በሁለተኛው ዓመት በወደቀች ነበር። ለማዕርጉ ስም ብቻ የሚሄደውን ሰው ግን ከዚህ ጎዳና ብመልሰው ደስ ይለኛል፤ እርሱ ሲማር ቤተ ሰቡ የሚከፍለው ዋጋ በካርድ ላይ ከሚጻፍ ስም ይበልጣልና። መሥሪያ ቤቶችም በሳምንት ግማሽ ቀን ቢለቅቁ የሚያጡት ጥቂት ነው።

በዚህ ዓመት በጥር ወር ጽሑፍዋን አስረክባለች፤ አሁን የፈታኞቹን መልስ ትጠብቃለች። ደመወዝዋ አልተጨመረም፥ መደብዋም አልተለወጠም። ነገር ግን በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት፥ ከአንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ሆነው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቈጥሮ የሚፈልግ መንገድ አበጅተዋል፤ አንባቢው «ስርአት» ቢልም «ሥርዓት» ቢልም መጽሐፉ ይወጣለታል፤ ሲወጣ ደግሞ ርእሱ በትክክለኛው ፊደል ተጽፎ ይታየዋል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ የራሴን ስም በተሳሳተ ፊደል ጽፌ ሞከርሁት፤ ያሳተምኋት አንዲት ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ ወጣችልኝ።

የመሪጌታው ብጣሽ ወረቀት አሁንም በመሳቢያዋ ውስጥ ነው። ስልክ አልነበራቸውምና፥ መጽሐፉ መገኘቱን በዚያ አገር ለሚሄድ ሰው ሁሉ ትልካለች፤ እስካሁን አልመጡም። ጣራው ግን ታድሷል። አማትዋም ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ምራቴ የመጻሕፍት ሐኪም ልትሆን ነው» እያሉ ይመልሳሉ።